ባኞ ቤቱና ሴራው

ሆሳዕና፣ ሰኔ 8 ቀን 1954 ዓ.ም.

ሙሉመቤት ዛሬ ጧት ከሽንት ቤት ስትመለስ ወደቀች። ሽንት ቤቱ ከግቢው በታች ነው፤ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ይሆናል። በጎኗ ነው የወደቀችው። ደም አላየችም። ሁለት ጊዜ ጠየቅኋት፤ ሁለቴም አላየሁም አለች። አምስተኛ ወሯን ጨርሳለች። ከዚህ በፊት ሁለት ፅንስ አጥተናል፤ ሁለቱንም በሰባተኛው ወር።

የሚሲዮን ክሊኒኩ ድሬሰር ጵርስቅላ መጥታ አየቻት። የዚሁ የሆሳዕና ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ የጠራ ነው። «እስክትወልጂ ድረስ ያንን ቁልቁለት እንዳትወርጂ» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ፖፖ ይግዙላት፤ ይበቃል» አለች።

ፖፖ ገዛሁ። ግን አይበቃም። ፖፖ ለሳምንት ነው፤ እኔ የማስበው ለዘለቄታው ነው።

ይህን ቤት ጣሊያን ነው የሠራው። በጓሮ በር በኩል ባኞ ቤት የሚባል ጠባብ ክፍል አለ፤ ገንዳው የተሰነጠቀ፣ ቱቦው የተደፈነ። ቤቱን የሸጠልኝ ነጋዴው ዳኘ ጨው ሲያከማችበት ኖሯል። እሱን አሳድሳለሁ። ሙሉመቤት ከአልጋዋ ተነሥታ ግድግዳ ይዛ ትደርሳለች፤ ጭቃም ዝናብም አይነካት።

ሰኔ 11

ግንበኛ አገኘሁ። ተረፈ ይባላል፤ የዶዮገና ሰው ነው። ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩት የአማ ገነቴ የእህት ልጅ ነው። አማ በእነሱ ቋንቋ እናት ማለት ነው። በእኛ ሰውን ማማት ነው። ይህን ለሙሉመቤት ስነግራት ከወደቀች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ዋጋውን ጠየቅሁት። ክፍሉን ትቶ ግቢውን ሲዞር ቆየ።

«ጌታዬ፣ ባኞ ቤት ሦስት ነው» አለኝ ሲመለስ። «አንዱ ይሄ የሚያዩት። አንዱ ውሃ የሚመጣበት። አንዱ ውሃ የሚሄድበት። ሰው ይሄን የሚያየውን ብቻ ይጠይቃል።»

«የሦስቱንም ንገረኝ።»

«የሦስተኛው መሬት ሳይቆፈር አይታወቅም።»

መልሱን አልወደድኩትም። አሥራ አንድ ዓመት በማተሚያ ቤት ጋዜጣ ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ። ቁጥሩ ያልታወቀ ዜና ቀይ አሰምርበት ነበር።

ማታ ደመርኩት። ሲሚንቶ፤ አሸዋ፤ የሸክላ መቀመጫ ከነሲፎኑ ከአዲስ አበባ፤ በርሜል ከነመቆሚያው፤ ቱቦ፤ የጭነት፤ የእጅ ዋጋ። የአራት ወር ደመወዜን ይወስዳል። ጉድጓዱ አልተጨመረም። ሦስተኛውን ነገር ማለቴ ነው።

ሰኔ 15

ወለሉ። ተረፈ ሻካራ ይሁን አለ። እንደ አዲስ አበባ ሊሾ ይሁን አልኩ። ሊሾ ሲሚንቶ ይበላል፤ ቢሆንም ያምራል።

ሰኔ 20

ቁፋሮው ድንጋይ አገኘ። ተረፈ የቆሻሻው ጉድጓድ ከግቢው በታች፣ ከአሮጌው ሽንት ቤት አለፍ ብሎ ከሰው ቁመት በላይ ጠልቆ በድንጋይ መገንባት አለበት ይላል። ቱቦው ግቢውን በሙሉ ያቋርጣል። ለዚያ የሚያስፈልገው ወጪ እስካሁን ያወጣሁትን ያህል ሌላ ነው። ጊዜውም እስከ ነሐሴ ነው። ሙሉመቤት እስከ ነሐሴ አትጠብቅም።

ከሰዓት በኋላ ራሴ ግቢውን ዞርኩ። ከባኞ ቤቱ ግድግዳ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ በአጥሩ ሥር አሮጌ ጉድጓድ አለ። ከእኛ በፊት እዚህ የኖሩ ሰዎች ቆጮ ሲቀብሩበት የነበረ ነው። ጥልቀቱ ደረቴ ይደርሳል። ባዶ ነው። በአጥሩ ማዶ የአማ ገነቴ የቆጮ ጉድጓዶች በዚያው መስመር፣ ትንሽ ዝቅ ብለው፣ የእንሰት ቅጠል ለብሰውና ድንጋይ ተጭኗቸው ይታያሉ። ሁለቱ ግቢዎች ቀድሞ አንድ ሳይሆኑ አይቀሩም።

«ይኸው ጉድጓድ» አልኩት ለተረፈ።

«ይሄ የምግብ ጉድጓድ ነው ጌታዬ። ቆሻሻ አይገባበትም።»

«ባዶ አይደለም እንዴ?»

«ባዶ ነው። ቢሆንም አማ ገነቴን ይጠይቁ።»

«ግቢው የማን ነው?»

«የእርስዎ።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ይጠይቁ።»

ሥራ አልኩት። ሠራ። አማ ገነቴን ነገ እጠይቃለሁ።

ሰኔ 21

ቢሮ ዋልኩ። አልጠየቅሁም።

ሰኔ 24

ዛሬም አልተመቸኝም። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በራሱ ግቢ ስለሚሠራው ሥራ ከአጥር ማዶ ፈቃድ ሲጠይቅ ምን እንደሚመስል አላውቅም። ከዚህ በፊት አይቼ አላውቅም።

ሐምሌ 2

የሲሚንቶው ካሚዮን ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። ዳኘ ሱቅ ሄድኩ፤ ዋጋው ጨምሯል።

«እኔ አይደለሁም የጨመርኩት፤ መንገዱ ነው» አለኝ። «ለመሆኑ ባኞ ቤት ነው የሚሠሩት ወይስ ቤተ መንግሥት?»

«ሚስቴ ታማብኝ ነው።»

«እግዜር ይማራት፣ አቶ ሰይፈሥላሴ። እኔ ግን እዚያ ክፍል ጨው አስቀምጬበት አንድ ቀን አላስለቀሰኝም።»

ከፈልኩ። ስወጣ ከኋላዬ ለሰው፣ «አዲስ አበባ የለመደ ሰው አሳዛኝ ነው» ሲል ሰማሁት።

ሐምሌ 9

አለቀ። በርሜሉ ተሞላ፣ ሰንሰለቱ ተሳበ፣ ውሃው እየጮኸ ሄደ። የት እንደሄደ ላስብ አልፈለግሁም። ሄደ።

ሙሉመቤትን ደግፌ አስገባኋት። ወለሉ ያንጸባርቃል። ግድግዳውን ይዛ ቆመች።

«እንዴት ነው?»

«ይቀዘቅዛል» አለች። ቆይታ፣ «ፖፖውን እንዳትጥለው።»

ሐምሌ 17

ሦስት ቀን ያለ ማቋረጥ ዘነበ። ጉድጓዱ ሞልቷል መሰለኝ፤ በአጥሩ በኩል ሽታ አለ። የክረምት ሽታ ሊሆን ይችላል።

ጧት አማ ገነቴ በአጥሩ ማዶ ቆመው አየኋቸው። ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ ይዘዋል። አማርኛቸው ጥቂት ነው።

«ጌታ» አሉኝ፤ መሬቱን በጣታቸው እያሳዩ። «ውሃ ይሄዳል። ወደ እኔ ይሄዳል።»

«የዝናብ ውሃ ነው፣ እናቴ።»

ጣታቸውን አላነሡም።  ተረፈ መጣና አጠገባቸው ቆመ። በራሳቸው ቋንቋ ብዙ ተነጋገሩ፤ ሀዲይኛ ይሁን ከምባትኛ አልለይም። ከሁሉም አንድ ቃል ብቻ ለየሁ፤ ሁለት ጊዜ ተናገሩት፤ አንድ ጊዜ እኔን እያዩ።

ሴራ።

ሐምሌ 18

ተሳስቼ ሰምቼ ይሆናል።

አልተሳሳትኩም። ያንን ቃል ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ከታኅሣሡ ግርግር በኋላ በየቀኑ በእጄ አልፏል፤ ሴራ፣ ሴረኞች፣ የሴራው ተካፋዮች። አንድ ሌሊት «ሴራው» የሚለው «ሥራው» ተብሎ ፊደሉ ተለቅሞ፣ ሳይታተም ብደርስበትም አለቃችን እስኪነጋ ሲንቀጠቀጥ ነበር። በዚያ ዓመት ማተሚያ ቤቱ ሰው ቀነሰ። እኔ ወደዚህ ተዛወርኩ። በምን ምክንያት እንደሆነ አልተነገረኝም፤ አልጠየቅሁምም።

ሰው ይህን ቃል ለቀልድ አይናገረውም።

ሐምሌ 21

ከአማ ገነቴ ቤት ፊት ለፊት ካለው ዝግባ ሥር ወንዶች ተቀምጠዋል። ብዙ ናቸው። ተረፈ ቆሞ ይናገራል። በመስኮቱ መጋረጃ ጥግ ሆኜ ሰማሁ። ሴራ። ደግሞ ሴራ። ከዚያ፣ ጆሮዬን አላመንኩም፣ «ሙሉመቤት»። የሚስቴን ስም።

እሱ የሚስቴን ስም ምን ያደርግለታል?

መስኮቱን ዘጋሁ። ሙሉመቤት ለምን ዘጋኸው ብትለኝ ብርድ ነው አልኳት።

ሐምሌ 23

ዳኘን በዘዴ ጠየቅሁት። እዚህ ሃያ ዓመት ኖሯል፤ የጉራጌ ሰው ነው፤ ነጋዴ ስለሆነ ሁሉን ይሰማል።

«እዚህ ሰፈር ሴራ አለ ይባላል» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«እንዴታ፤ አለ እንጂ» አለኝ እሱ፤ ድምፁን ዝቅ አላደረገም። «ሴራ የሌለበት አገር የት አለ? እኛም አገር አለ።»

«አንተ… ታውቃለህ?»

«ከመጣሁ ጀምሮ አለሁበት። የሚከፈለውን እከፍላለሁ። እርስዎም ቶሎ ቢገቡበት ይሻልዎታል፤ ነገ ክፉ ቀን ሲመጣ ብቻዎን ነው የሚቀሩት።»

እየሣቀ ስኳር ይመዝን ነበር። ምንም ሳልገዛ ወጣሁ።

ሐምሌ 24

አልተኛሁም። ይከፈላል ማለት ነው። ያልከፈለ ላይ ክፉ ቀን ይመጣል ማለት ነው። ዳኘ እንኳ ሃያ ዓመት ከፍሏል። ሙሉመቤት ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። አልጋዋን ከመስኮቱ አራቅሁት። ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ጣሪያው ያፈሳል አልኳት። ጣሪያውን አየችው።

ሐምሌ 27

ዛሬ ጧት በጉድጓዱ ዙሪያ የእግር ዱካ አገኘሁ። ሰው ግቢዬ ገብቶ ነበር። የጉድጓዱ ክዳን ተነሥቶ ተመልሷል። ምንም አልተወሰደም። የሚወሰድ ነገር የለም። ታዲያ ምን ፈልጎ?

ነሐሴ 1

ለፖሊስ ጣቢያው ሃምሳ አለቃ ነገርኩት። ከሐረርጌ ገና መዛወሩ ነው፤ ጥሩ ሰው ይመስላል። አልከሰስኩም። የሰማሁትን ብቻ ነገርኩት። ስብሰባ እንዳለ፣ ቃሉን፣ የሚስቴ ስም መነሣቱን። ማን እንደሚናገር ጠየቀኝ።

ጠየቀኝ፤ መለስኩ። ይኸው ነው።

ነሐሴ 2

ተረፈን ወሰዱት። አማ ገነቴ በሩ ላይ ቆመው አዩ። አልጮኹም።

ማታ ሃምሳ አለቃው በቢሮዬ በኩል አለፈ። ፊቱ በርቷል።

«አልካደም» አለኝ። «ሴራ አላችሁ ወይ ስለው፣ አዎ አለን አለ። ስለ ሰይፈሥላሴ ቤት ተማክራችኋል ወይ ስለው፣ ሦስት ጊዜ ተቀምጠንበታል አለ። እንዲህ ያለ የእምነት ቃል በዘመኔ አልሰማሁም።»

ስለዚህ ትክክል ነበርኩ። እንግዲህ መተኛት እችላለሁ።

ነሐሴ 3

አልተኛሁም።

ነሐሴ 5

ሰፈሩ ጸጥ ብሏል። ዝግባው ሥር ማንም አይቀመጥም። ውሃ የሚያመጣልን ሰው መምጣቱን አቆመ። በርሜሉ ባዶ ነው፤ ባኞ ቤቱ ያለ ውሃ ምን እንደሚሆን አልጽፍም። ሙሉመቤት ተረፈ የት ሄደ ብትለኝ ሥራ አግኝቶ ሄዷል አልኳት።

ነሐሴ 9፣ ክሊኒክ



ትናንት ጧት ሌሊቱን ያጠራቀምኩትን የጣሪያ ውሃ ባኞ ቤቱ ውስጥ ደፋሁ፤ ላጸዳው ብዬ። ወለሉን አላደረቅሁትም። ከጓዳ ሆኜ ድምፅ ሰማሁ። ስደርስ ሙሉመቤት ሊሾው ላይ ተቀምጣለች፤ ሁለት እጆቿን መሬት ላይ ተክላ። ደም ነበር። በዚያ በሚያንጸባርቅ ወለል ላይ ሲታይ ብዙ ነበር።

ክሊኒኩ ከወንዙ ማዶ ነው። የታችኛው ድልድይ በጎርፍ ተሰብሯል፤ መኪና አያልፍም። ብቻዬን ላነሣት ሞከርኩ። ጮኸች። ተውኳት። ግቢው መሀል ቆሜ ወዴት እንደምሮጥ አላወቅሁም። ያን ጊዜ ያሰብኩትን እጽፋለሁ፤ ከዚህ ሰፈር ማን በሬን ያንኳኳል ብዬ ነው ያሰብኩት።

አማ ገነቴ አጥሩን አልፈው ገቡ። እንዴት እንዳለፉት አላየሁም። ሙሉመቤትን አዩና ወደ መንገዱ ዞረው ጮኹ፤ አንድ ረጅም ጩኸት፤ ከዚያ ቃሉን ጠሩት። ሴራ።  ግድግዳውን ያዝኩ።

ሰዎች ከየቤቱ ወጡ። ዝግባ ሥር ያየኋቸው ወንዶች ናቸው። ሁለቱ ቃሬዛ ይዘዋል። ገቡና እንደ እንቁላል አድርገው አነሷት። አራት ሰው ነው የሚሸከመው፤ ሌሎቹ በተራ ለመቀበል ይከተላሉ። ግራውን የኋላ እጀታ የሚይዘው አልነበረም። ቆመው ተጠባበቁ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ እኔን አየኝ።

«የተረፈ ቦታ ነው» አለኝ። «ያዝ።»

ያዝኩ። ወንዙን ደረት በሚደርስ ውሃ ተሻገርን። ቃሬዛውን ከራሳቸው በላይ አነሡት፤ እኔም አነሣሁ። ውሃ አልነካትም።

ሴት ልጅ ናት። ቀኗ አልደረሰም፤ በጣም ትንሽ ናት። ሁለቱም በሕይወት አሉ። ጵርስቅላ ጥጥ ውስጥ ጠቅልላት ምድጃ አጠገብ አስቀምጣታለች። ስም ለማውጣት ፈራን።

በዚያው ቀን፣ ማታ

ሁሉንም አልጻፍኩም።

ትናንት ጵርስቅላ እጇን እየታጠበች፣ «ተረፈ ዛሬ የት ሄዶ ነው? ሰዎቹ ስለሱ አይናገሩም» አለችኝ።

«ታስሯል።»

«በምን?»

«በሴራ።»

ሳሙናውን አስቀመጠች። «ሰው በሴራ እንዴት ይታሰራል?»

«ተሰብስበው በቤቴ ላይ ሲመክሩ ሰምቻለሁ። ራሱም አምኗል።»

 በመስኮቱ በኩል እሳት ዙሪያ ልብሳቸውን የሚያደርቁትን ሰዎች በአገጯ አሳየችኝ። «ሴራ እኮ እነዚህ ናቸው፣ አቶ ሰይፈሥላሴ። ሰው ሲታመም የሚሸከሙ፣ ሲሞት የሚቀብሩ፣ ሲያጠፋም የሚዳኙ። ስብሰባውም ሴራ ነው፣ ሕጉም ሴራ ነው። በእኛ ቋንቋ ክፉ ቃል አይደለም።»

 «ስለ ቤቴ ምን ነበር የሚሉት?» አልኳት።

«ባለፈው ወር ክሊኒክ የመጡ ሴቶች ነግረውኛል፤ ነገሩን ያነሣው ተረፈ ነው። እንግዶች ናቸው፣ ዘመድ የላቸውም፣ ሙሉመቤት ልትወልድ ነው፣ ቤታቸው በሴራ ይግባ አለ። አማ ገነቴ አልተስማማችም። መጀመሪያ የቆጮዬ ነገር ይታይ፣ ቆሻሻው ወደ ጉድጓዴ እየገባ ነው አለች። ለመስቀል ልትከፍተው ያስቀመጠችው ነው። ተረፈ ደግሞ ማታ ገብቶ ጉድጓድዎን አየው። እውነቷን ነው አለ፤ ግን ጉዳዩ ከወለደች በኋላ ይታይ አለ።»

«ማን ረታ?»

«ምን ይረታል? ሳይወሰን ተረፈ ታሰረ።»

«ታዲያ ለምን ተሸከሙን?»

«አማ ገነቴ ጠራቻቸዋ።»

ነሐሴ 11

ነገ ጧት ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ። ስህተት ነው እላለሁ።

ነሐሴ 12

ሕፃኗ አልጠባ አለች። ትቻት መሄድ አልቻልኩም።

ነሐሴ 14

ጠባች። ዝናብ ነው።

ነሐሴ 15

ዝናቡ ቀላል ነበር፤ መሄድ እችል ነበር። የሐሰት ጥቆማ ቅጣት አለው። የእኔ ስም ከዚህ በፊት የሆነ ቦታ ተጽፎ ይሆናል፤ ባይጻፍ ኖሮ ለምን ወደዚህ ይልኩኛል? አሁን ደግሞ ሰሚው፣ ሰይፈሥላሴ ሴረኛ ጠቁሞ ሴረኛ ለማስፈታት መጣ ይላል። እኔ ብታሰር ሙሉመቤትን ማን ያያታል? ይህችን የጥጥ ልጅ ማን ያሳድጋታል?

ይህን ጽፌ አነበብኩት። ማን እንደሚያያቸው አውቃለሁ። ያወቅሁት ይህን መጻፍ ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ነሐሴ 17

ሄድኩ።

«ቃሉ በእነሱ ቋንቋ ሌላ ነው» አልኩት ሃምሳ አለቃውን። «በእኛ እድር እንደምንለው ነው።»

ወረቀቱን አገላበጠ። የበራው ፊቱ ጠፍቷል። «በስልክ ለበላይ አስተላልፌያለሁ እኮ። አሁን ደውዬ፣ ሴራ ያልኳችሁ እድር ኖሯል ልበል?» ትንሽ አሰበ። «እሺ። ቀላል ነው። ሰውዬው፣ ሴራ የሚባል ነገር የለንም፣ ያለን እድር ነው ብሎ ይፈርም፤ ይሂድ።»

ዐረፍተ ነገሩን እኔው ጻፍኩለት። አጭር፣ ንጹሕ፣ የሚታረም ነገር የሌለው። ደስ አለኝ። አንድ ቃል ለውጦ ሰው ማስፈታት የእኔ ሙያ ነው።

ተረፈን አመጡት። ከስቷል። አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማ።

«አልፈርምም» አለ።

«ተረፈ፣ ትርጉሙ አንድ ነው። ስሙ ብቻ ነው የተለወጠው።»

«ሴራ የለንም ይላል ወረቀቱ። አለን።»

«ለወረቀት ነው እንጂ…»

«ጌታዬ፣ ሴራ የለም ያለ ሰው ሲሞት ማን ያነሣዋል? ልጄ ስትታመም ማን ይሸከማታል?» ከዚያ ድምፁን ሳይለውጥ፣ «ሙሉመቤት ወለዱ ወይ?»

«ወለደች። ሴት ናት።»

«እሰየው» አለ። ወደ ውስጥ መለሱት።

ሃምሳ አለቃው ወረቀቱን አጠፈው። «እንግዲያ ለዳኛው ይንገር። ለነሐሴ ሃያ ዘጠኝ ነው። እርስዎም ምስክር ነዎት፤ የጠቆሙት እርስዎ ስለሆኑ።»

ነሐሴ 23

ሙሉመቤትንና ልጃችንን ይዘን ተመለስን። ሰዎቹ ተሸክመው አመጡን። የተረፈን ቦታ ያዝኩ።

ባኞ ቤቱን ቆለፍኩት።

ነሐሴ 26

አማ ገነቴ ጉድጓዳቸውን ከፈቱ። እስከ መስቀል ቢቆይ ሁሉም ይጠፋል ብለው ነው። ሽታው እኛ ቤት ደረሰ። በዚህ ጉድጓድ ሁለት ዓመት የተቀመጠ ቆጮ ነበር። ሴቶች ተሰብስበው የሚተርፈውን ከማይተርፈው ሲለዩ ዋሉ። የማይተርፈው በዛ። ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። ይቅርታ ለማለት ያዘጋጀሁትን ረሳሁት። እሳቸውም አላዩኝም፤ እጃቸው ሥራ ላይ ነበር።

ባኞ ቤቱ ስንት እንደፈጀ አሁንም አልደመርኩም። ተረፈ የታሰረበት ቀን በየትኛው ሒሳብ እንደሚገባ አላውቅም።

ነሐሴ 28

ለሙሉመቤት ሁሉን ነገርኳት። እያጠባች ሰማችኝ። ስለ መስኮቱም፣ ስለ ጣሪያውም፣ ስለ ሃምሳ አለቃውም።

«ጣሪያው እንደማያፈስ አውቅ ነበር» አለች።

 ማታ ወፍራሙን ጋቢዬን ከሣጥን አውጥታ በወንበሩ ላይ አጥፋ አስቀመጠችው። አጠገቡ በሶ በከረጢት።

«ይህ ለምን?»

«ካስቀሩህ ብዬ ነው። እስር ቤቱ ብርድ ነው ይላሉ።»

አትሂድ አላለችኝም። እንድትል ፈልጌ ነበር።

ነሐሴ 29

ተረፈ ዛሬ በዋስ ወጣ። ዋሱ እኔ ነኝ። ነገሩ ከመስቀል በኋላ ይቀጥላል፤ ያን ጊዜ እኔ በየትኛው በኩል እንደምቆም አይታወቅም ብሎኛል ሃምሳ አለቃው። ይህን የምጽፈው ቤቴ ሆኜ ነው፤ ጋቢው ግን አሁንም ወንበሩ ላይ ነው።

ፍርድ ቤቱ ሞልቶ ነበር። አማ ገነቴ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ሽማግሌዎቹ ከኋላቸው። ዳኛው ለአውራጃው አዲስ ናቸው፤ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ተረፈ የተጠየቀውን ሁሉ እንደ በፊቱ መለሰ። አዎ፣ ሴራ አለን። አዎ፣ ተቀምጠናል። ዳኛው ሁለት ጊዜ አስጠነቀቁት። በተከሰስክበት ነገር ጥፋተኛ የሚያደርግህን ቃል ራስህ እየተናገርክ ነው አሉት። ቃሉ ይኸው ነው፣ ሌላ የለንም አለ።

እኔ ተጠራሁ። ማልኩ። የሰማሁትን፣ የተረዳሁትን፣ የጠቆምኩትን ተናገርኩ። ከዚያ ስለ ጉድጓዱ ተናገርኩ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ። ከዚያ ስለ ቃሬዛው። በደንብ ተናገርኩ ማለት አልችልም። አንዳንዱን ሁለት ጊዜ ደገምኩት።

«ስለዚህ» አሉ ዳኛው፣ «ሴራ ያልከው ማኅበር ነው።»

«ነው፣ ክቡር ዳኛ።»

«ከማን ሰማህ? የአገሩን ቋንቋ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«የማታውቀውን ቃል ሰምተህ ሰው አሳሰርክ። ዛሬ ደግሞ የማታውቀውን ቃል ተርጉመህ ልታስፈታ መጣህ። በየትኛው ልመንህ?»

ከኋላ አንድ ሰው ሣቀ።  ዳኛው መዝገቡ ላይ አንድ ነገር ፈልገው ቀና አሉ።

«አንተ የመንግሥት ሠራተኛ ነህ። ቀድሞም ጋዜጣ ላይ የሠራህ ነህ፤ የዚህን ቃል ክብደት ታውቃለህ። በግልጽ ልጠይቅህ። በዚህ ሴራ ውስጥ አንተ አለህበት?»

በዚህ ዘመን ይህ ጥያቄ ለአንድ ሰው ሲቀርብለት መልሱ አንድ ነው፤ የለሁበትም። ሃምሳ አለቃው ሊረዳኝ ፈልጎ ይመስለኛል፣ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀልኝ። አማ ገነቴን አየሁ። ከተነገረው አማርኛ ምን ያህሉን እንደተከታተሉ አላውቅም፤ ያንን ቃል ግን ሰምተውታል፤ ቀና ብለው እኔን ያያሉ። ቤቴ በሴራው ይግባ አይግባ እስከ ዛሬ አልተወሰነም። አለሁበት ብል ሊክዱኝ ይችላሉ። ከሁለቱም ወገን ውጭ ልቀር እችላለሁ። ልጄን አሰብኩ፤ ወንዙን ስንሻገር እናቷ ሆድ ውስጥ ሆና ከእኔ ራስ በላይ ያለፈችውን።

«አለሁበት፣ ክቡር ዳኛ» አልኩ።

አማ ገነቴ አጠገባቸው ላለው ሽማግሌ አንድ ነገር ተናገሩ። እሱም ተነሣ። «እውነት ነው» አለ። «የተሸከምነው ቤት ገብቷል።»

ጸሐፊው ብዕሩን አቁሞ ዳኛውን ጠየቀ፤ «ይጻፍ?»

ዳኛው እኔን ተመለከቱ። ቃሌን እንድመልስ ጊዜ የሰጡኝ መሰለኝ።

«ይጻፍ» አልኩ።